መነሻው ቆላ ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ትእዛዝ «ቀስ ብለሽ ርገጪ» የሚል ነበር። ከደብረ ብርሃን በማለዳ ተነስተን፣ መሐል ሜዳን አልፈን፣ መኪናው አልሄድ ያለበት ቦታ ወርደን፣ ባትሪና የዕቃ ሳጥን ተሸክመን እስከ ገደሉ አፋፍ በእግር ወጣን። አለቃዬ ዶክተር ኤፍሬም ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ ጀማሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ የመንዝ ብርድ እንዲህ ጆሮ እንደሚቆርጥ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

«የተኛ ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«የተኛ የለም፤ የሚያዳምጥ አለ» አሉኝ። «አንቺ ስትረግጪ የሚሰማው አንቺን ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ መሬትን ነው።»

የሚያዳምጠው ነገር ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ እስከ ጥቁሩ አለት ድረስ ተቆፍሮ ዙሪያው በሲሚንቶ ተለብጧል፤ የብረት ክዳን አለው። ከታች፣ አለቱ ላይ፣ ከመካከለኛ ድስት የማይበልጥ ሲስሞሜትር፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ፣ ተቀምጧል። ሥራዬ ክዳኑን ከፍቶ መግባት፣ መሣሪያው አለመዝመሙን በውሃ ልክ ማየት፣ ባትሪውን በቴስተር መለካት፣ ሶላሩን መወልወል፣ ሰዓቱ ከሳተላይት ጋር መግጠሙን ማረጋገጥና መልሶ መዝጋት ነው። ሲወራ ቀላል ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት በደነዘዘ ጣት ካቻቪቴ ይዞ ብሎን መፍታትን ግን የሞከረው ያውቀዋል።

ዶክተሩ አሠራሩን ያስረዱኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ነው። «ሚኒባስ ድንገት ሲነሳ ጭንቅላትሽ ወደ ኋላ ይቀራል አይደል? እዚህ ውስጥም በሞላ የተንጠለጠለ ክብደት አለ። መሬት ስትነቃነቅ እሱ ባለበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው የምንጽፈው።» ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው ጨመሩ፤ «ሰው ሁሉ መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ይጠይቅሻል። መልሱ አላውቅም ነው። የሚያውቅ የለም። አውቃለሁ የሚል ካጋጠመሽ ዕቃሽን ደብቂ።»

የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። ቤታቸው ከጣቢያው ቁልቁል፣ ጮክ ብሎ የተጣራ ሰው የሚሰማበት ቦታ ላይ ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው የእኛን አጥር ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ጣቢያውን ለመጠገን በወጣሁ ቁጥር የማድረው እነሱ ቤት ነበር። ከጀማሪነት ወደ ከፍተኛ ቴክኒሽያንነት ያደግሁት እትዬ አስካለ ከበግ ፀጉር በፈተሉት ባና ተጠቅልዬ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ጠዋት ዶክተር ኤፍሬም ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። «ጣቢያሽ ላይ የማይገባኝ ነገር ተጽፏል። አጭር አጭር ጭረት ነው። ውጪና እዪው» አሉ። ወጣሁ። የጋሽ ሽፈራው ሙክት ጀርባውን አሳክኮት አጥሩን እየተፋተገ ነበር።

«ሙክትዎ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ገበያ ላይ ዋጋው ይጨምራል በይኛ!» አሉ። አጥሩን ግን ያንኑ ቀን ወደ ውጭ ገፋ አድርገው አጠሩት። ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ ያልለየላቸው ጭረት ባዩ ቁጥር «በጉ ነው?» ብለው መጠየቅ ልማድ አደረጉት።

ጋሽ ሽፈራው ነገር አጥብቀው ይጠይቃሉ። «እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መንቀጥቀጡ የት እንደተነሳ በምን ያውቃል?» አሉኝ። መብረቅና ነጎድጓድ አልኳቸው። መብረቁ ቀድሞ ይታያል፣ ነጎድጓዱ ዘግይቶ ይሰማል፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከረዘመ መብረቁ ሩቅ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ሁለት ማዕበል ይልካል። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ እንደ ጉሽሚያ መታ አድርጎ ያልፋል። ሁለተኛው ዘግይቶ ይመጣል፤ ወደ ጎን ይንጣል፣ ቤት የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ርቀቱን ይነግረናል።

«ርቀቱን ብቻ ነው ግን» አልኳቸው። «ካስማ ላይ የታሰረ በግ ገመዱ በፈቀደለት ልክ ክብ ሠርቶ እንደሚግጥ፣ መነሻውም በዚያ ክብ ዳር የሆነ ቦታ ነው። ከራቤል ወዲያ ያለው ጣቢያ ሌላ ክብ ይሰጠናል፤ የዓለም ከተማው ጣቢያ ሌላ። ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ መነሻው ነው።»

«ሦስት ምስክር አትይኝም!» አሉ። የመንዝ ሰው ሙግት ያውቃልና ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

መነሻው ወዴት እንደሚሆን ደግሞ ከአፋፉ ሆኖ ማየት ይቻላል። ጉም በሌለበት ቀን ከእግራችን ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሌላ እርከን፣ ከእርከኑ ማዶ በሙቀት የደበዘዘው ቆላ ይታያል። መሬት አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለችም፤ ቅርፊቷ የተሰነጣጠቀ ነው። እኛ የቆምንበት ደጋና ከቆላው ባሻገር ያለው ምድር እየተራራቁ ይሄዳሉ። መራራቃቸው ከጥፍር እድገት እንኳ ያዘግማል። አለቱ ግን ተጎትቶ፣ ተጎትቶ፣ ልክ ሲያልፍበት ይሰበራል። አንዳንዴም ከሥር የቀለጠ አለት በስንጥቁ ገብቶ እየፈለጠ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መንቀጥቀጡ ይደጋገማል። መጀመሪያ የተሰበረበትን ቦታ በእኛ ሙያ መነሻ እንለዋለን።

«ይህ የቆምንበት ገደል ራሱ የድሮ ስብራት ነው» አልኳቸው።

«ድሮ ነዋ!» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ድሮማ ስንት ነገር ነበረ።»

እሳቸው ስለ ቆላ የራሳቸው ሃይማኖት ነበራቸው። በጎልማሳነታቸው በግ ሊሸጡ ወርደው ወባ ይዟቸው ነበር። እየተንቀጠቀጡ ገደሉን ወጡት፤ ደጋው ላይ አገገሙ። ከጎረቤትም ከቤተሰብም በሽታው የተላለፈበት ሰው አልነበረም። ይህ እውነት ነው፤ ወባ መንዝ ላይ አይራባም። እሳቸው ግን ከወባ ተነስተው ሁሉንም ነገር በዚያው ለኩት። «የቆላ ነገር ቆላ ይቀራል» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ክርክር የማልተው ሰው ነኝ። ማዕበል ትንኝ አይደለም፣ ብርድ አይገድለውም እያልኩ እጨቃጨቅ ነበር።

«ተዪው፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር እትዬ አስካለ እንዝርታቸውን እያሾሩ። «እሱን ከሞት ያስጣለው ብርድ ነው። ብርዱን ያመልካል።»

ጡረታዬ ሲቃረብ ቆላው መናጥ ጀመረ። አንዴ መጥቶ የሚሄድ አልነበረም፤ ሳምንት አልፎ ሳምንት ይደጋገም ነበር። ከሥር አለት እየተፈለጠ መሆኑን ከአጻጻፉ እናየው ነበር። መንዝ ላይ ቆርቆሮ ተንቋቋ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፣ በቅዳሴ መሀል የተሰቀለ ቃጭል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ሰው በድንጋጤ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ማደር ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሬዲዮ ተናገረ። «የመንቀጥቀጡ መነሻ ቆላማው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ መሆኑን ባለሙያዎች ገለጹ» አለ። ስህተት የለበትም። እኛው የሰጠነው ነው። ሕዝቡ ግን «መነሻው ቆላ ነው!» እየተባባለ ወደ ቤቱ ገባ። ነገሩ ቀልድ እስከ መሆን ደረሰ። መሐል ሜዳ መናኸሪያ ሚኒባስ ከዘገየ «መነሻው ቆላ ነው መሰለኝ» ይባል ነበር። እኔም አንድ ጊዜ ስቄያለሁ።

በዚያ ሰሞን ለባትሪ ወጥቼ እነ ጋሽ ሽፈራው ቤት ስገባ ግድግዳውን አየሁት። ቤቱን አባታቸው ያቆሙት ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ቤት፣ ለብርድ ተብሎ የተሠራ። ግድግዳው ሁለት ፊት አለው፤ በመካከሉ ጠጠርና ጭቃ ተሞልቷል። ሁለቱን ፊቶች ወግቶ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ አልገባበትም። በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን አውጥቷል። የቤቱ አንድ መስኮት ያለው እዚያው ላይ ነው። እትዬ አስካለ ለባና የሚሆነውን የበግ ፀጉር የሚፈትሉት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ እባክዎ ከዚህ ይነሱ» አልኳቸው።

«ወዴት ልሂድ? ሌላው ጥግ ለዓይኔ ጨለማ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

ጋሽ ሽፈራውን ውጭ አውጥቼ ግድግዳውን አሳየኋቸው። ቢያንስ ባላ ይትከሉበት፣ ካልሆነም ከጓሮ ባለው ሳር ክዳን ጎጆ ውስጥ ይደሩ አልኳቸው። ጎጆው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ስለሆነ ቢናጥም ሰው አይጨፈልቅም። «መነሻው ቆላ ነው ተብሏል እኮ» አሉኝ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ የአባቴ እጅ ነው።»

ለዶክተር ኤፍሬም ደወልኩ። «መግለጫው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ደጋው ላይ ያለ ያረጀ የድንጋይ ቤት ሊወድቅ ይችላል ይበል» አልኳቸው።

«የእኛ ድርሻ መነሻ፣ ጥልቀትና መጠን ነው። የቤቱን ጉዳይ የሚናገር ሌላ መሥሪያ ቤት አለ» አሉ።

«የታለ?»

ያንኑ መልስ ደገሙልኝ።

«ዶክተር፣ አውቶቡስ እንኳ ቲኬቱ ላይ መነሻም መድረሻም ይጻፍበታል» አልኳቸው። ሕዝብ እንዳናሸብር፣ እንደሚነጋገሩበት፣ እኔም ጤናዬን እንድጠብቅ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ቀን ግን ስልኩን ገደል ልወረውረው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ጌታነህን መስቀል ተሳልሜ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና በክርስትና ስሜ ጠርተው «ወለተ ማርያም፣ ጸሎቱን ለእኛ ተዪው። የድንጋዩን ነገር አንቺ ተናገሪ» ብለው ሕዝቡን አስቀመጡልኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ቆሜ ተናገርኩ። መነሻው ቆላ ቢሆንም ማዕበሉ ደጋ ይወጣል፣ ዋልካ አፈር ላይና አፋፍ ላይ ደግሞ ይበረታል፣ ሆዱን ያወጣ ግድግዳ ሥር አትቀመጡ አልኩ።

ጋሽ ሽፈራው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሱ። «መንግሥት በሬዲዮ መነሻው ቆላ ነው ብሏል። እኛ ቤት ገብስ ቆሎ የምትቆረጥመው ይቺ ጥሩነሽ ከመንግሥት ትበልጣለች?» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ሕዝቡም ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልወደውም። ቢሆንም ብዙ ሰው ሰምቶኛል። በዚያው ሳምንት በየቤቱ ባላ ተተከለ፣ መኝታ ከግድግዳ ራቀ።

ማታ ቤት ስንገባ ጋሽ ሽፈራው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አስቀየምኩሽ?» አሉኝ። «አይቼዋለሁ፣ ግድግዳውን። ገብሱ ይግባና አፈርሰዋለሁ። አሁን ባፈርሰው አስካለን የት አስተኛታለሁ? ውርጩን ታውቂው የለ። እስከዚያ ባላ እተክላለሁ።» ክርክሬን ተውኩ። ውርጩ እውነት ነው፣ የእትዬ አስካለ ደረትም ብርድ አይችልም።

በሌላ ጊዜ ስወጣ ባላው ግድግዳው ላይ አልነበረም። ጎጆውን ደግፎ ቆሟል። ጎጆው ውስጥ በጎቹ ናቸው። «የከበዱት በጎች ሲደነግጡ ይጨነግፋሉ» አሉኝ ጋሽ ሽፈራው። «ድንጋዩ ሥር ማሳደሩን ፈራሁ። ጎጆው ደግሞ ዘንበል ብሎ ነበር።» ተናደድኩ፤ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ሙሉ ታላቄ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አንገታቸውን ደፍተው «ሌላ ባላ እቆርጣለሁ» አሉ።

ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ነበር። ቀኑ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው ነው። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ላፕቶፑን ከመሣሪያው ጋር አገናኝቼ ባትሪውን እለካለሁ፤ ጋሽ ሽፈራው የብረት ክዳኑን ይዘው ከላይ ቆመዋል። ሌላ ባላ ቆርጠው ማምጣታቸውን፣ ከሰዓት በኋላ እንደሚተክሉት እየነገሩኝ ነበር።

ጉልበቴን መታ አደረገኝ። ላፕቶፑ ላይ መስመሩ ዘለለ። የመጀመሪያው ማዕበል ነበር፤ ከዚያ በፊት ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ሁለተኛው ይመጣል» አልኩ።

ገባቸው። መብረቅና ነጎድጓድ ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ርቀት ክፍተቱ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሮ መሀሉ የሚያደርስ ጊዜ ነው። ቁልቁለቱን ሮጦ ለመድረስ አይበቃም፤ ለመጣራት ይበቃል። ክዳኑን ጥለው ተጣሩ። «አስካለ! አስካለ ውጪ! አስካለ!»

እትዬ አስካለ ሰሙ። ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ማን እንደጠራቸው ለማየት ወደ መስኮቱ ቀረቡ። አንገታቸውን አውጥተው «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ ከጉድጓዱ ወጥቼ አየኋቸው። ከዚያ ሁለተኛው መጣ።

ግድግዳው ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ ጣሪያው ተከተለ። ጋሽ ሽፈራው በአቧራው ውስጥ ገቡ። ጎረቤት ሁሉ ደርሶ ድንጋዩን በእጅ አነሳን። እትዬ አስካለን ያገኘናቸው እንዝርታቸው በእጃቸው እንዳለ ነው። ትንፋሻቸው የለም። ጎጆው አልተነካም፤ በጎቹ ውስጡ ቆመው ያመሰኩ ነበር።

ድንጋይ እያነሳሁ ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ኤፍሬም ነበሩ። «ትልቅ ነው። መነሻውን እየሠራነው ነው» አሉ። «አንቺ ጣቢያ ላይ ብቻ ግን ከሁለተኛው ማዕበል ቀጥሎ ሌላ አጭር ነገር ተጽፏል። በጉ ነው?»

«በግ አይደለም» አልኳቸው። «የእትዬ አስካለ ግድግዳ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ድንጋዩ ተመለስኩ።

በማግስቱ ቀበርናቸው። ለቅሶ የተቀመጥነው ጎጆው ደጃፍ ነበር። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አልቋል። «ባልጣራ ኖሮ ከመስኮቱ ትርቅ ነበር?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ አላውቅም ስል ኖሬያለሁ፤ ያን ዕለት እንደከበደኝ ግን ከብዶኝ አያውቅም። «አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ሁለታችንም አለቀስን።

አንዱ ጎረቤት ትንሽ ሬዲዮ ይዞ ነበር። ዜናው መንቀጥቀጡን አነሳ። መጠኑን ተናገረ፣ ጥልቀቱን ተናገረ፣ መነሻው ቆላማው አካባቢ መሆኑን ተናገረ፤ በመነሻው አካባቢ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም አለ። ጋሽ ሽፈራው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«መድረሻው የት ነው አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤቱ ሬዲዮውን ዘጋው።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጣቢያው ይሠራል፤ ጋሽ ሽፈራው እንደ ጥንቱ አጥሩን ይጠብቃሉ፣ የሚያድሩት ጎጆው ውስጥ ነው። ዛሬ ውሃ ልክና ቴስተር ይዛችሁ በየጣቢያው ለምትዞሩ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። መነሻውን ለማግኘት ሦስት ጣቢያ ይበቃል። መድረሻውን ለማግኘት ግን ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ ማየት ያስፈልጋል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሳበትና የሚገድልበት ቦታ አንድ አይደለም።